የሽቦ መኪና እና የባለእጅ ስም፦ ከቡሬ እስከ ሺዙኦካ

በዚህ ሰዓት፣ ያውም ስለ ጎጃም፣ የልጆች መጫወቻ ላይ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሥራ የፈታ ይመስላል። ግን ታገሡኝ። የማነሣው የመንገድ፣ የእጅ ሥራ እና የፋብሪካ ታሪክ ነው፤ መጫወቻው መግቢያ በሩ ነው።

ከደምበጫ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚገባውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው፣ በመንገዱ ዳር ልጆች የሚነዷቸውን ትንንሽ መኪኖችም ያውቃል። ገጠሩ የአገዳ መኪና አለው። በቆሎው ከተነሣ በኋላ እረኛው አገዳውን ይልጣል፤ ከጠንካራው ልጣጭ አጥንቱን፣ ከለስላሳው ውስጡ አካሉን ይሠራል፤ በእሾህ ያያይዘዋል፤ ጎማው እንቧይ ነው። ከተማው ደግሞ የሽቦ መኪና አለው። ሽቦው በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይቃናል፣ ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል፤ የዘይት ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ጎማው ካለቀ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል። ቀለም ካስፈለገ የባትሪ ድንጋይ ጥቁር ዱቄት አለ፣ ቀይ አፈር አለ፣ ከእህት የተለመነ የጥፍር ቀለም አለ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥሩ የሽቦ መኪና መሪ አለው። ከፊት እግሮቹ የተነሣ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ወገብ ይደርሳል፤ ጫፉ ላይ ክብ መሪ አለ፤ ልጁ ከኋላ እየሮጠ ሲያዞረው የፊት ጎማዎቹ አብረው ይዞራሉ። ይህን የሚሠራ የዐሥር ዓመት ልጅ ስለ መሪ አሠራር ማንም አላስተማረውም። መንገድ ዳር ቆሞ አይቶ ነው።

ታዲያ ያየው መኪና ከየት መጣ?

አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ያየችው በ1900 ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለአጼ ምኒልክ ያመጣት ናት። ጎጃም ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የበቅሎ፣ የአህያና የአጋሰስ አገር ሆኖ ቆየ። ዓባይ በገደል የከበበው አገር ስለሆነ የሞተር ድምፅ በብዛት የተሰማበት ከጠላት ጋር ነው። ጣሊያን በ1928 ሲገባ ከመድፍና ከአውሮፕላን ጋር የጭነት መኪና አስገባ፤ መንገድ መቁረጥም ጀመረ። ከእነዚያ መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ነበር፤ አባቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ያሉት እሱን ነው።

በየካቲት 1933 መጨረሻ ጣሊያን የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ የሄደው በዚያው መስመር ነው። ያሳደዱት የጎጃም አርበኞችና የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ነበሩ፤ የዚያ ጦር ስንቅና ጥይት ከሱዳን የተጫነው በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ነበር። ግመል የጫነ ጦር መኪና የጫነውን አባረረ። ወራሪው ሄደ፤ የጀመረው መንገድና የመኪናው ቋንቋ ግን ቀሩ። መንገዱን ከነጻነት በኋላ፣ በተለይ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ከተቋቋመ ወዲህ፣ መንግሥት ያዘው። ቋንቋውን የያዙት የጋራዥ ሰዎች ናቸው።

ጎማ፣ ቸርኬ፣ ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ይህን መዝገበ ቃላት ያቆየልን ትምህርት ቤት አይደለም፤ እጁ ዘይት የነካው መካኒክ፣ ረዳቱና በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው ልጅ ናቸው። በኋላ «ኤንትሬ» እያልን የጠራናት ፊያትም በዚሁ መንገድ ወደ አማርኛችን ገባች። የፍኖተ ሰላም ልጅ ቆርቆሮውን «ላሜራ»፣ የመኪናውን እርግብግቢት «ባሌስትራ» ሲል የ1928ን ወረራና የ1933ን ነጻነት ሳያውቀው ይናገራል። የሽቦ መኪና የታሪክ ሰነድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ ቆዳ መፋቅ በአገራችን ለዘመናት ያዋረደ ሥራ ነው። ማረሻውን የሠራለትን ሰው «ባለእጅ» ብሎ የሚሸሽ፣ «ቡዳ» ብሎ የሚፈራ፣ ልጁን የማይድርለት ገበሬ ብዙ ነበር። አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። ዐዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ በየሰፈሩ አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ክፍት በር ነበረ፤ እሱም የልጅ ጨዋታ ነው። የገበሬ ልጅ ሽቦ ሲያጥፍ፣ ቆርቆሮ ሲቆርጥ፣ ብረት በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ማንም «ባለእጅ» አላለውም፤ እየተጫወተ ነዋ! እንዲያውም ጎረቤት መጥቶ ያደንቃል። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ነው። «ትልቅ ሰው ሆነህ አሁንም በሽቦ ትጫወታለህ?» ይባላል። ሽቦው ይጣላል፤ ወይ ወደ ሞፈር ወይ ወደ ደብተር ይሄዳል። እጁ የተማረው ነገር እዚያው ይቀራል። በጨዋታ የተከፈተው በር ጨዋታው ሲያልቅ ይዘጋል።

ይህ በር በሌላ አገር ወዴት እንዳደረሰ ላሳያችሁ። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በ1936 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ «ፍሮግ» የተባለ ድርጅት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ አውሮፕላኖችን ለገበያ አወጣ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946፣ በተሸነፈችው ጃፓን፣ ሺዙኦካ ከተማ፣ ታሚያ የሚባል ቤተሰብ የእንጨት መሰንጠቂያ ከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ የእንጨት ሞዴሎችን መሥራት ጀመረ። በ1950ዎቹ ግን የውጭ የፕላስቲክ ሞዴል ገበያውን ወረረው። የእንጨቱ መጫወቻ ወደቀ።

ታሚያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጣትን ተማረ። በ1960 የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል፣ የያማቶን የጦር መርከብ፣ አወጣ። በ1965 ሆንዳ ሜክሲኮ ላይ የመጀመሪያውን የፎርሙላ ዋን ድል አገኘ፤ በ1967 ታሚያ የሆንዳን የውድድር መኪና ከእውነተኛው ዐሥራ ሁለት ጊዜ አሳንሶ ሸጠ። ሞዴሉን የሚገጣጥመው ልጅ ክፍሎቹን ከፍሬማቸው ይቆርጣል፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ በሚያዋህድ ማጣበቂያ ያያይዛል፣ ቀለሙን በስሱ ደጋግሞ ይቀባል፣ ቁጥርና ምልክቱን በውኃ አርሶ ይለጥፋል። ሞተር የት እንደሚቀመጥ፣ መሪ ከጎማ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በጣቱ ያውቃል። እንዲህ ያደገ ልጅ ፋብሪካ ሲገባ ባዕድ አይሆንም።

«ድህነትን አታሞካሽ፤ የእኛ ልጅ ሽቦ የሚያጥፈው መግዣ ስላጣ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ግን የሺዙኦካ ሰዎችም የጀመሩት ከጦርነት አመድ ላይ ነው። ልዩነቱ የልጅ ጨዋታውን ከአዋቂ ሥራ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ መኖሩ ነው። እኛ ዘንድ ከውጭ የመጣው የፕላስቲክ መኪና የሽቦውን መኪና ሲያስጥል፣ «እኛስ ለምን አንሠራውም?» ብሎ የጠየቀ ባለሀብት ወይም ባለሥልጣን ስንት ነው?

ቡሬን ተመልከቱ። በ2013 የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ትልቅ የዘይት ፋብሪካም ቆመ። ፋብሪካ ማለት ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ሞተርና ላሜራ ነው፤ እነዚህን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ሽቦ ሲያጥፍ ነበር። ከዚያ ጦርነት መጣ። በ2017 የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸው ተነገረ። ያ ልጅ አሁን የሽቦ መኪና ሳይሆን የእንጨት ጠመንጃ ቢሠራ ማን ይወቅሰዋል? ልጅ የሚሠራው መንገድ ዳር ያየውን ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የባህል ቢሮዎቻችን የአገዳና የሽቦ መኪኖችን ከጥንታዊ ዕቃዎች ጋር ይሰብስቡ፤ የሠሪውን መንደርና ዘመን ይመዝግቡ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ከፈተና ውጤት ጎን «እስቲ በእጅህ የሠራኸውን አሳየን» ይበሉ። ወላጅም ልጁ ፒንሳ ሲያነሣ «ባለእጅ ልትሆን ነው?» ማለቱን ይተው። ይሁን፤ ባለእጅ ይሁን!

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ወራሪ አልፏል፣ አርበኛ አልፏል፣ ኤንትሬ አልፏል። ከነገ ወዲያ የሚያልፈውን ደግሞ የዛሬ ልጆች በሽቦ ሠርተው ያሳዩናል። የሚያዩትን እናሳምርላቸው።

ቸር እንሰንብት።