የጥብቅና አገልግሎት ሕግ፡ ከኩባንያዎች ውል እስከ ተጠርጣሪዎች መብት

በአንድ አገር የሕግ የበላይነት የሚረጋገጠው ጥሩ ሕግ በመውጣቱ ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል። ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ለባለጉዳዩ የሚያስረዳና በፍርድ ቤት ቀርቦ የሚከራከር ባለሙያ ካልተገኘ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ መብት ከወረቀት አያልፍም። በኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የሕግና የፍትሕ ማሻሻያ በርካታ አዋጆች ወጥተዋል። ከእነዚህም መካከል የሕግ ባለሙያውን ራሱን የሚመለከተው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይገኝበታል።

አዋጁ ተግባራዊ የሆነው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በሙያው ላይ በቀረቡበት ወቅት ነው። በአንድ በኩል እያደገ የመጣው የንግድና የኢንቨስትመንት እንቅስቃሴ ውስብስብ ውሎችን የሚያዘጋጁና የሚደራደሩ ባለሙያዎችን ይሻል። በሌላ በኩል ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተጠርጣሪና ተከሳሽ ሕገ መንግሥቱ የሰጠውን መብት የሚያስከብርለት ሰው ይፈልጋል። ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው አንድ ሙያ ነው። በመሆኑም የማሻሻያው ውጤት የሚመዘነው በሁለቱም ወገን በሚታየው ለውጥ ይሆናል።

የሙያው ሕጋዊ መሠረት

በኢትዮጵያ ሙግት የቆየ ባህል ነው። በበላ ልበልሃ ሥርዓት ተከራካሪዎች አንደበተ ርቱዕነታቸውንና የነገር ችሎታቸውን ያሳዩ እንደነበር ይነገራል። ለሌላው ወክሎ የሚሟገት ነገረ ፈጅም በቤተ መንግሥትም ሆነ በመሥሪያ ቤቶች የታወቀ ባለሙያ ነበር።

ዘመናዊው የሕግ ሥርዓት የተዘረጋው ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በወጡት ሕጎች ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954፣ እንዲሁም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1958 ዓ.ም. ታውጀዋል። እነዚህን ሕጎች የሚተረጉሙና የሚሠሩባቸው ባለሙያዎች ማፍራት በማስፈለጉም በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፍቷል።

በፌዴራል ሥርዓቱ የጥብቅና ሙያ ለረጅም ጊዜ ሲመራ የቆየው በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ነበር። አዋጁ ሦስት ዓይነት ፈቃዶችን ይዟል። እነርሱም የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የጥብቅና ፈቃድ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ፣ እንዲሁም የኅብረተሰቡን ጥቅምና መብት ያለ ክፍያ ለሚያስከብሩ የሚሰጠው ልዩ የጥብቅና ፈቃድ ናቸው። የጠበቆችን ሥነ ምግባር የሚወስነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 57/1992ም በዚያው ዘመን ወጥቷል።

በዚህ ሥርዓት ጠበቆች በአብዛኛው በግላቸው ቢሮ ከፍተው ይሠሩ ነበር። አንድ ጠበቃ ጠዋት የውርስ ጉዳይ፣ ከሰዓት በኋላ የወንጀል ክርክር፣ ማታ ደግሞ የአክሲዮን ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ማዘጋጀቱ የተለመደ ነበር። ጠበቃው ሲታመም ወይም በሞት ሲለይ የደንበኛው ጉዳይና መዝገብ አብሮ የሚጉላላበት አጋጣሚም ይፈጠር ነበር።

የጥብቅና ድርጅትና የጠበቆች ማኅበር

አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይህን አሠራር ከለወጠባቸው ነጥቦች ዋነኛው ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ጠበቆች የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም እንዲችሉ መፍቀዱ ነው። ድርጅቱ የሚቋቋመው ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር መልክ ሲሆን፣ የራሱ የሕግ ሰውነት ይኖረዋል። በመሆኑም ደንበኛው የሚዋዋለው ከድርጅቱ ጋር በመሆኑ አንድ ጠበቃ ቢለቅ ሌላው ጉዳዩን ተረክቦ ይቀጥላል። ባለሙያዎቹም በግብር፣ በባንክ፣ በግንባታ ወይም በወንጀል ዘርፍ ተከፋፍለው ዕውቀታቸውን ማዳበር ይችላሉ። ጀማሪ የሕግ ምሩቃንም ልምድ ካላቸው ባለሙያዎች ሥር ሆነው ሙያውን የሚማሩበት ዕድል ይሰፋል።

አዋጁ ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል። ቀደም ሲል የነበሩት የሙያ ማኅበራት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። አዲሱ ማኅበር ግን በሕግ የቆመ በመሆኑ በጠበቆች ሥልጠናና ሥነ ምግባር ረገድ የራሱ ድርሻ አለው። ፈቃድ የመስጠቱ ሥራ አዋጁ ሲወጣ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት ግን ኃላፊነቱ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛውሯል።

የኢኮኖሚው ጥያቄ

የጥብቅና ድርጅት አስፈላጊነት ጎልቶ የታየው በኢኮኖሚው መስክ በተከታታይ በተወሰዱ እርምጃዎች ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከስድሳ ዓመታት በላይ ያገለገለውን የ1952ቱን የንግድ ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጻሕፍት ተክቷል። ስለ ማጓጓዣና መድን እንዲሁም ስለ ባንክና የሚተላለፉ ሰነዶች የሚደነግጉት መጻሕፍት አልተነኩም። አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንና የኩባንያዎች ቡድንን የመሳሰሉ ቀድሞ ያልነበሩ አደረጃጀቶችን አስገብቷል።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ አሸንፏል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መውጣቱን ተከትሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል።

እያንዳንዱ እርምጃ ከጀርባው ብዙ የሕግ ሥራ አለው። የአክሲዮን ሽያጭ ከመፈጸሙ በፊት የሚሸጠው ኩባንያ ዕዳ፣ ንብረት፣ የፍርድ ቤት ክርክርና ግብር በሕግ ባለሙያዎች ይመረመራል። የብድር ውል፣ የዋስትና ሰነድና የባለአክሲዮኖች ስምምነት ይዘጋጃል። የውጭው ባለሀብት በብዙ ባለሙያ ተደግፎ ወደ ድርድር ሲቀርብ የአገር ውስጡ ወገን በአንድ ነገረ ፈጅ ብቻ ቢወከል ድርድሩ ሚዛኑን መሳቱ አይቀርም። ይህም የግል ኩባንያዎችን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት የልማት ድርጅቶችንና መሥሪያ ቤቶችንም የሚመለከት ነው።

የግልግል ዳኝነትና የአስተዳደር ውል

አለመግባባት ሲፈጠር የት ይታያል የሚለው ጥያቄም ከውሉ ጋር አብሮ ይነሳል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ፍርዶች ዕውቅና እንዲያገኙና እንዲፈጸሙ የሚያደርገውን የኒውዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ በአገሪቱ ላይ የጸናው ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ይህንኑ ተከትሎ ወጥቷል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ጉዳይ በግልግል ይታያል ማለት አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 315 የአስተዳደር ውሎች ወደ ግልግል እንዳይቀርቡ ይከለክል ነበር። አዲሱም አዋጅ የአስተዳደር ውልን፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር፣ በግልግል ከማይታዩት ጉዳዮች መካከል ዘርዝሮታል። የወንጀል፣ የግብርና የመሬት ጉዳዮችም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቋራጭ ጋር በሚፈራረመው ውል ውስጥ የግልግል አንቀጽ ከማስገባቱ አስቀድሞ ውሉ የአስተዳደር ውል መሆን አለመሆኑን፣ ከሆነም ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄ ከፊርማ በፊት ካልተነሳ ከዓመታት በኋላ በክርክር ላይ መነሳቱና ለመንግሥት ተጨማሪ ወጪ ማስከተሉ አይቀሬ ነው።

የወንጀል ፍትሕና ጠበቃ የማግኘት መብት

የሙያው ሌላው ገጽታ የሚታየው በፖሊስ ጣቢያና በወንጀል ችሎት ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ኑዛዜ ለመስጠት እንዳይገደድ፣ በሕግ ከተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀርም በዋስ የመፈታት መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሱ ሰዎች በመረጡት ጠበቃ የመወከል፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣታቸው ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜም ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ይህን ግዴታ በፌዴራል ደረጃ የሚወጣው በፍርድ ቤቱ ሥር የተደራጀው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘቱ መብት በግልጽ የተጻፈው ለተከሰሱ ሰዎች ነው። ለምሳሌ አንድ የቀን ሠራተኛ በስርቆት ተጠርጥሮ ቢያዝ ቃሉን የሚሰጠው፣ የጊዜ ቀጠሮ የሚጠየቅበትና የዋስትና ጥያቄው የሚታየው ክስ ከመመሥረቱ በፊት ነው። በተያዙ ሰዎች ዘንድ ጠበቃ የመቅረብ መብት በአንቀጽ 21 ቢከበርም፣ ገንዘብ ያለው ሰው ጠበቃውን በስልክ ሲጠራ የቀን ሠራተኛው ግን መርማሪው ፊት ብቻውን ይቀመጣል። ተከላካይ ጠበቃው በችሎት ሲመደብ የምርመራ መዝገቡ አስቀድሞ ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ክርክር በተሞላው መዝገብ ላይ የሚደረግ ክርክር ነው።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከስድሳ ዓመታት በላይ ያገለገለ ሲሆን፣ ሕጉን የማሻሻሉ ጥያቄ ሲነሳ ቆይቷል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ የጥፋተኝነት ድርድርን የመሳሰሉ አዳዲስ አቅጣጫዎችን አመልክቷል። ተከሳሹ ከዐቃቤ ሕግ ጋር እንዲደራደር መፍቀድ የመዝገብ ክምችትን ያቃልላል፤ የተከሳሹንም የእስር ዘመን ሊያሳጥር ይችላል። ነገር ግን ሕግ የማያውቅና አማካሪ የሌለው ሰው ከተደራጀ ተቋም ጋር የሚያደርገው ድርድር እኩል ተደራዳሪዎች የሚያደርጉት ሊባል አይችልም። ስለሆነም የወንጀል ፍትሕ ማሻሻያው በተራመደ ቁጥር የጠበቃ አስፈላጊነት እየጨመረ ይሄዳል።

ለዚህ ክፍተት የሕግ ሙያው ራሱ የሚያበረክተው ድርሻ አለ። የ1992ቱ የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎ ነበር። ነጻ የሕግ አገልግሎት መስጠት በአዲሱ አዋጅም የሙያው ግዴታ ሆኖ ቀጥሏል። በድርጅት መደራጀት ለዚህም የተመቸ ነው። አሥር ጠበቆች ያሉት ድርጅት በ50 ሰዓት ስሌት በዓመት 500 ሰዓት ማበርከት ይችላል። ይህንን አሰባስቦና ከተከላካይ ጠበቆች ጋር አቀናጅቶ በፖሊስ ጣቢያ ደረጃ ማዋል ከተቻለ የብዙ ተጠርጣሪዎችን ሁኔታ ይለውጣል።

ከመንግሥት ሠራተኛው የሚጠበቀው

ከላይ የተዘረዘሩት ሕጎች በተግባር የሚተረጎሙት በመሥሪያ ቤቶች ነው። ውል የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍሉን ከፊርማ በፊት እንጂ ክስ ሲመጣ ማማከሩ አይበቃውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ቅር የተሰኘ ሰውም ጉዳዩን በፍርድ ቤት እንዲያሳይ ይፈቅዳል። ጠበቃ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይም መብቱን የጠየቀ ዜጋ ነውና እንደ ባላጋራ ሊታይ አይገባውም።

በእስር ቤትና በምርመራ ክፍል የሚሠራ ኃላፊም ጠበቃ ደንበኛውን እንዲያገኝ ሲያደርግ ለጠበቃው ውለታ መዋሉ አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱን ድንጋጌ መፈጸሙ ነው። ጠበቃ ባለበት የተሰጠ ቃል በችሎት ጸንቶ ስለሚቆም ጥቅሙ ለዐቃቤ ሕግም ጭምር ነው።

የጥብቅና አገልግሎት ማሻሻያው ለኩባንያዎች ድርድር የሚመጥኑ ድርጅቶችን እንዲያፈራ ታስቦ የተደረገ መሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም የአንድ አገር የሕግ ሙያ ደረጃ የሚለካው በሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ውል በሚፈረምበት አዳራሽ ብቻ ሳይሆን፣ የቀን ሠራተኛው ቃሉን በሚሰጥበት ጠባብ ክፍልም ጭምር ነው። በሁለቱም ቦታ ዕውቀት ያለው ጠበቃ እንዲገኝ የሕግ አውጪው፣ የሙያ ማኅበሩና የመንግሥት ሠራተኛው የጋራ ጥረት ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።