የቴነር ሳክስፎን ድምፅና የሸለላ ትንፋሽ

የአንድ ሕዝብ ኪነጥበብ ለሌላው የሚሰጠውም ከሌላው የሚወስደውም ሀብት አለው። በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የማንኪራ ደን የቡና መገኛ እየተባለ ይነገርለታል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የወጣው ቡና ባሕር ተሻግሮ በየደረሰበት እንደየሀገሩ ልማድ ሲቆላና ሲፈላ የየሀገሩ መጠጥ ሆኗል። በአንጻሩ ከባሕር ማዶ መጥተው፣ በእኛ ትንፋሽ ተቃኝተው የእኛ የሆኑ ነገሮች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ቴነር ሳክስፎን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው እንዴት የእኛ እንደ ሆነ በአጭሩ ማሳየት፣ ከዚያም ዛሬ አሮጌ ሳክስፎን ገዝቶ ጥሩ ድምፅ ለማውጣት የሚደክም ወጣት ከዚህ ታሪክ የሚያገኘውን ትምህርት መጠቆም ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሳክስፎንን የፈለሰፈው አዶልፍ ሳክስ የተባለው የቤልጅግ ተወላጅ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን በፓሪስ ያስመዘገበው በ1846 ነው። የመሣሪያው አካል ከናስ ቢሠራም የሚመደበው ከመለከት ወገን ሳይሆን ከእንጨት ነፊዎች ወገን ነው። ምክንያቱም ድምፁን የሚፈጥረው በአፍ መያዣው ላይ የሚታሰር፣ ባለሙያዎች ሪድ የሚሉት ስስ የሸምበቆ ምላስ ስለሆነ ነው። ነፊው ሲተነፍስ ሸምበቆው ይንቀጠቀጣል፤ ከአፍ መያዣው እስከ አፉ እየሰፋ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ያለው አየርም አብሮት ይነዝራል። እረኛው ዋሽንቱን የሚሠራው ከሸምበቆ መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ ይህ የባዕድ መሣሪያ ከመጀመሪያውም ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የናስ መሣሪያዎች ወደ አገራችን የገቡት ከሳክስፎን ቀድመው ነው። ከ1896ቱ የዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የተላኩ የሙዚቃ መሣሪያዎች አዲስ አበባ ደረሱ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸው፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር መጥተው የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የተቋቋሙት የሙዚቃ ክፍሎች ለብዙ ወጣቶች ትምህርት ቤት ሆኑላቸው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በማስተማርና በማቀናበር የማይረሳ አስተዋጽዖ አበረከቱ። ሳክስፎን ከኢትዮጵያዊ ጆሮ ጋር በሚገባ የተዋወቀው በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ገባ ማለት ድምፁ አገሬ ሆነ ማለት አይደለም። ይህን እርምጃ በቴነር ሳክስፎን ጎልቶ የተራመደው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው በልጅነቱ በመጀመሪያ የያዘው ሳክስፎን ሳይሆን ክራርና መሰንቆ ነበር። በ1949 በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ሙያውን ጀመረ፤ በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት ኦርኬስትራ፣ በ1965 ደግሞ በፖሊስ ኦርኬስትራ ተሰለፈ። ታላቅ ሥራው ጦረኛ ወደ ዘመቻ ሲነሣ በቃል የሚያሰማውን ሸለላ በሳክስፎን መጫወቱ ነው። በሸለላ ውስጥ ያለው ቁጣ፣ ማጓራት፣ ድንገተኛ መቋረጥና እንደገና መነሣት ሁሉ ከሰው ጉሮሮ ወደ ናስ ተሻገረ።

ይህ እንዴት ተቻለ? በፒያኖ ላይ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለ ድምፅ አይገኝም። በሳክስፎን ግን ነፊው ከንፈሩን በማጥበቅና በማላላት፣ የጉሮሮውን ቅርፅ በመለወጥ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ያንሸራትተዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል። እየነፋ በጉሮሮው ቢያጎራ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። በመሰንቆ ላይ ጣት የሚሠራውን ሥራ እዚህ ከንፈርና ጉሮሮ ይሠሩታል። ስለሆነም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሚባሉት ቅኝቶቻችን ውስጥ ያለው ቅላጼ ለዚህ መሣሪያ አይከብደውም። የሚከብደው ቅላጼውን በጆሮው ላልያዘው ሰው ነው።

ከ1974 ወዲህ ለዓመታት የዘለቀው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ሕይወት አዳከመው። በኋላም የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ የብዙ ነፊዎችን ቦታ ያዘ። አንድ ሰው በጣቱ የሚያስመስለውን ድምፅ ለማግኘት አራት ነፊ መቅጠር ለባለ ክበቡ ኪሳራ መስሎ ታየው። ይሁንና የጌታቸው ድምፅ አልጠፋም። ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 14ኛ ቅጹን ለእርሱ ሰጠ፤ ከ2004 ጀምሮ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ቡድን ጋር ተገናኝቶ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ። በ2016 ሲያርፍ ትቶልን የሄደው ከባድ ጥያቄ ነው፤ መሣሪያው በእጃችን አለ፤ ድምፁን የሚረከበው ማን ነው?

ዛሬ ብዙ ወጣቶች የዚህን ጥያቄ መልስ የሚፈልጉት በገበያ ነው። ከ1954 ጀምሮ የተሠራው የሴልመር ማርክ ስድስት፣ ወይም አሮጌው የአሜሪካ ኮን ከተገኘ ድምፁ በራሱ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እኔም ከዓመታት በፊት በዚህ ስሕተት ወድቄአለሁ። የገዛሁት አሮጌ ቴነር እንደ መስተዋት ያበራ ነበር፤ ሻጩ ያሳየኝ ናሱን እንጂ ክዳኖቹን አልነበረም። ቦንጋ ደርሼ ስነፋው ታችኞቹ ድምፆች እምቢ አሉ። በቆዳ የተለበጡት ክዳኖች ደርቀውና ተሰነጣጥቀው አየር ያሳልፉ ስለነበር፣ ለእድሳቱ ያወጣሁት ገንዘብ ወደ ግዢው ዋጋ ተጠጋ።

ስለዚህ ገዢው ሊመረምር የሚገባው እነዚህን ነው። አንደኛ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ አምፑል ወደ ቱቦው አግብቶ ክዳኖቹን ሲዘጋ ብርሃን ሾልኮ መውጣት የለበትም። ሁለተኛ፣ እጅግ ዝቅተኛው ድምፅ በለስላሳ ትንፋሽ ሊወጣ ይገባል፤ በኃይል ካልተነፋ የማይወጣ ከሆነ መሣሪያው ያፈሳል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አንገቱ ተጎንብሶ ወይም ተጨፍልቆ እንዳይሆን ይታይ። አራተኛ፣ በናሱ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ከደበዘዘ መሣሪያው ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ሳይቀባ አልቀረም፤ ማብራቱ የጤንነት ምልክት አይደለም። አምስተኛ፣ ከ1930 በፊት ከተሠሩት የአሜሪካ ሳክስፎኖች አንዳንዶቹ «ላ» የሚባለው ድምፅ በሴኮንድ 457 ጊዜ በሚነዝርበት ከፍተኛ ቅኝት የተሠሩ ናቸው። የዛሬው ቅኝት 440 ስለሆነ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከሌሎች ጋር አይስማማም፤ ጥገናም አያድነውም።

ዝናብ በሚበዛበት በከፋ ምድር ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። እርጥበት የክዳኖቹን ቆዳ ያሳብጣል፤ ሻጋታ ያፈራል። ከተነፋ በኋላ ውስጡን በጨርቅ ማድረቅና ሪዱን አውጥቶ ማስቀመጥ ልማድ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን የሚያስገኘው ደህና መሣሪያ ብቻ ነው። ድምፅ የሚገኘው አንዱን ድምፅ ይዞ፣ ትንፋሽ እስኪያልቅ ሳያወላውሉ በመንፋት፣ ይህንኑም በየዕለቱ በመደጋገም ነው። ከዚያም ሳክስፎኑን አስቀምጦ የሽማግሌውን ፉከራ፣ የአልቃሿን እንጉርጉሮ፣ የመሰንቆውን ቅላጼ በጥሞና ማዳመጥ፣ በአፍ ማዜም፣ በመጨረሻም በመሣሪያው መመለስ ያስፈልጋል። ጌታቸው ክራርና መሰንቆን አስቀድሞ መያዙ በዚህ ረገድ ታላቅ ትምህርት ነው።

የሙዚቃ መምህራንም ሆኑ የባህል ሥራ ኃላፊዎች በዚህ በኩል ድርሻ አላቸው። በየመጋዘኑ አቧራ የለበሰ ሳክስፎን ካለ ክዳኑ ይታደስ፤ ለሚነፋው ወጣት ይሰጥ፤ ወጣቱም የአካባቢውን ዜማ ከሚያውቁት አረጋውያን ፊት ይቀመጥ። ቡናው ከደን ቢለቀም የሚጣፍጠው በሚያፈላው እጅ ነው። ናሱም ከየትም ይምጣ፣ የሚናገረው በነፊው ትንፋሽ ነው።