የሞር ክብ እና የሸር ምልክት ሥርዓት

የሞር ክብ በአንድ ጠጣር አካል ወይም በአፈር ክምችት ውስጥ በሚገኝ ነጥብ ላይ፥ በየአቅጣጫው በተዘነበሉት ጠለሎች ሁሉ የሚያርፈውን ውጥረት በአንድ ክብ አስፍሮ የሚያሳይ የመካኒክስ ሥዕላዊ ስልት ነው። ስሙ የተወሰደው በድሬስደን ያስተምር ከነበረው ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከክርስቲያን ኦቶ ሞር (1835–1918 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፥ እርሱ በ1882 እ.ኤ.አ. ስልቱን አስፋፍቶ ከማውጣቱ አስቀድሞ ካርል ኩልማን በ1866 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩን ክብ ሥሎ ስለ ነበር፥ ምስጋናው ለሁለቱ ቢከፈል ቅን ፍርድ ይሆናል።

በአንድ ጠለል ላይ የሚያርፍ ውጥረት ሁለት ባሕርያት አሉት፤ ይኸውም ጠለሉን በቀጥታ የሚገፋው ወይም የሚስበው ቀጤ ነክ ውጥረት፥ ጠለሉንም ታክኮ የሚያንሸራትተው፥ መሐንዲሶች ሸር የሚሉት ነው። ቀጤ ነኩ በአግድሙ ዘንግ፥ ሸሩ በቋሚው ዘንግ ሲለካ፥ እርስ በርሳቸው ቀጥ ብለው የሚቋረጡ ሁለት ጠለሎች በክቡ ላይ የአንድ ዲያሜትር ሁለት ጫፎች ይሆናሉ፤ በአካሉ ውስጥ 90 ዲግሪ የሆነው በክቡ ላይ 180 ነውና፥ ዘዌ ሁሉ በክቡ ላይ እጥፍ ይሆናል።

ተማሪን የሚያሰናክለው ግን ክቡ ሳይሆን ምልክቱ ነው። የብረትና የድልድይ መሐንዲሶች መሳብን አዎንታዊ ሲያደርጉ፥ የአፈር ሊቃውንት አፈር መሳብን እምብዛም ስለማይችል መገፋትን አዎንታዊ ያደርጋሉ፤ ይህስ ቀላል ነው። ከባዱ የሸሩ ነው፤ በአልጀብራው ሥርዓት በሁለቱ ጠለሎች ላይ ያለው ሸር አንድ ዓይነት ምልክት ስለሚይዝ፥ እንዳለ ቢነደፍ ሁለቱ ነጥቦች ከዘንጉ በአንድ ወገን ይውላሉ፥ ዲያሜትርም ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ለክቡ ብቻ ሌላ ሕግ ተደነገገ፤ ሸሩ በጠለሎቹ የተከበበችውን ትንሽ ቅንጣት ወዴት ሊያዞራት እንደሚሻ ይታያል፥ የአንዱ ጠለል ሸር እንደ ሰዓት ቆጣሪ የሌላው በተቃራኒው ያዞራልና፥ አንዱ ከዘንጉ በላይ ሌላው በታች ይነደፋል። የትኛው ወደ ላይ እንደሚወጣ መጽሐፍ ከመጽሐፍ ይለያያል፤ አንዱን ይዞ እስከ ፍጻሜ መዝለቅ እንጂ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ለማስረጃ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው የጉለሌ ተዳፋት ውስጥ ያለች አንዲት የአፈር ቅንጣት እንውሰድ፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ላዞረ ተመልካች ተራራው በግራ፥ ከተማው በቀኝ ይሆናል። በአግድሙ ጠለል ላይ 100፥ በቋሚው ላይ 40 ኪሎፓስካል ግፊት አርፎ፥ የላይኛው አፈር የታችኛውን ወደ ከተማው በ40 ኪሎፓስካል ሸር ይገፋዋል እንበል (ቁጥሮቹ ለትምህርት የተመረጡ እንጂ የተለኩ አይደሉም)። የክቡ ማዕከል የሁለቱ ግፊቶች አማካይ 70 ነው፤ የልዩነታቸው እኩሌታ 30፥ ሸሩም 40 ስለ ሆነ፥ በፓይታጎረስ ሕግ ሬዲየሱ 50 ይወጣል፤ ሸር የሌለባቸው ዋና ውጥረቶችም 120 እና 20 ይሆናሉ።

ሬዲየሱ የሚሰላው ሸሩ በራሱ ተባዝቶ ነውና፥ ምልክቱ ቢገለበጥ እንኳ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም አይናወጥም፤ ስሕተቱ የሚሸሸገውም በዚሁ ነው። የሚገለበጠው አቅጣጫው ነው፤ እውነተኛው የትልቁ ግፊት መሥመር ከቱንቢው 26.6 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ላይኛው ጫፉን ወደ ተራራው ሲያዞር፥ በተሳሳተው ምልክት የተገኘው ወደ ከተማው ያዞራል፥ በሁለቱም መካከል 53 ዲግሪ ገደማ ይገኛል።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አለመሆኑ የሚታወቀው በ1776 እ.ኤ.አ. የታተመው የፈረንሳዊው የኩሎምብ ሕግ ሲጨመርበት ነው፤ አፈር ሸርን የሚቋቋመው በትስስሩና ቀጤ ነኩ ግፊት በሚፈጥረው ፍትጊያ ነውና፥ ይህ አቅም በሥዕሉ ላይ ዘንበል ያለ መሥመር ሆኖ ይነደፋል፥ ክቡም መሥመሩን በነካ ጊዜ አፈሩ ይንሸራተታል። የፍትጊያው ዘዌ 30 ዲግሪ፥ ትስስሩም 17.3 ኪሎፓስካል ያህል ቢሆን፥ ያ የጉለሌ ክብ መሥመሩን በትክክል ይነካዋል። በዚህ ጊዜ ከሚገኙት ሁለት የመንሸራተቻ ጠለሎች አንደኛው በ33.4 ዲግሪ ወደ ከተማው ያዘቀዝቃል፤ ምልክቱን ያሳተ መሐንዲስ ግን ያንኑ ጠለል ወደ ተራራው ሆድ ሲያዘቀዝቅ ያገኘዋል፥ ተዳፋቱን ቆርጦ የድጋፍ ግንብ ለሚያቆም ሰውም ከዚህ የከፋ ምክር የለም።

ከዘዌ እጥፍነት የሚያሳርፍ አንድ የቆየ ጥበብ አለ፤ እርሱም ዋልታ ይባላል። የአንድ ጠለል ውጥረት ከሚታወቅበት ነጥብ፥ ለዚያው ጠለል ትይዩ መሥመር ሲሳብ፥ ክቡን ዳግመኛ የሚቆርጥበት ሥፍራ ዋልታው ነው፤ ከዚያም ወደ ማንኛውም የክቡ ነጥብ የሚሳብ መሥመር የጠለሉን ትክክለኛ ዝንባሌ ያለ ማካፈል ያሳያል። ወረቀቱ በተዳፋቱ አቅጣጫ ከተያዘ መልሱ በዓይን ስለሚታይ፥ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለጀማሪ ከቀመሩ በፊት ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው።

የሦስተኛው አቅጣጫ ውጥረት ሲጨመር ክቦቹ ሦስት ይሆናሉ፥ ሁለቱም ታናናሾች በታላቁ ውስጥ ይቀመጣሉ። በምሳሌያችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው ዋና ግፊት በ20ና በ120 መካከል እስከ ዋለ ድረስ፥ ትልቁ ሸር ያው 50 ኪሎፓስካል ነው፤ ከ20 በታች ከወረደ ግን ታላቁ ክብ ሌላ ስለሚሆን፥ በተዳፋቱ ቁራጭ ላይ ብቻ የተሣለው ሥዕል የአደጋውን መጠን አሳንሶ ያሳያል።