ከተፋቀ ብር ላይ ዓመተ ምሕረት ስለ ማንበብ

የጥንት ጽሑፍ አጥኚ ዘመን ሲፈልግ ዐይኑ የለመደው ብራና ነው። የንጉሡን ስም፣ የወንጌላዊውን ዘመን፣ የፊደሉን ቅርጽ እያመሳከረ የመጽሐፉን ዕድሜ ይገምታል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው አንድ የተፋቀ ብር ቢሆንም የገጠመኝ ችግር ከብራናው የተለየ አልነበረም።

ብሩን ያሳዩኝ አክስቴ ናቸው። ጆሮ ተበይዶለት ለብዙ ዓመታት በአንገት ሲንጠለጠል የኖረ ነው። «የአድዋ ብር ነው፤ ከአያቴ የወረደ። አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህና ዓመቱን አንብብልኝ» አሉኝ። የቤተ ዘመዱ ልጆች የአያትየውን ታሪክ ለመጻፍ ተነሥተው ስለ ነበር፣ ከእኔ የሚጠበቀው ማረጋገጫ ነበር። እኔም በልቤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከዋለው ጦርነት በፊት የተሠራ ብር ማግኘት እመኝ ነበር።

ዘውድ የጫነው የዳግማዊ ምኒልክ መልክ፣ ደብዝዞም ቢሆን፣ ይለያል። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሙሉ ብር እንጂ አላድ ወይም ሩብ አይደለም። የምኒልክ ሙሉ ብር የሚታወቅባቸው ዓመታት አራት ናቸው፤ 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895። ስለዚህ ጥያቄው «ዓመቱ ስንት ነው?» ከሚለው ወደ «ከአራቱ የትኛው ነው?» ወደሚለው ጠበበ።

የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ፲፰፻ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ የዐሥር ቤትና የአንድ ቤት ምልክቶች ይከተላሉ። አራቱም ዓመታት በአምስት አምስት ምልክት ስለሚጻፉ ቍጥራቸውን መቍጠር አይረዳም። በመብራት ጥግ አዘንብዬ ስመለከተው ፲ እና ፻ ተለይተው ታዩኝ። ለጉዳዩ ወሳኝ የሆነው አራተኛው ምልክት፣ ማለትም ፹ ወይም ፺፣ ሰረዙን ብቻ ትቶ ጠፍቷል። አኃዝ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ የትኛው እንደ ነበረ አይናገርም።

ፊደሉ ዝም ሲል ሥዕሉን ጠየቅሁ። በ1887 እና በ1889 ብሮች ላይ ያለው አንበሳ የግራ የፊት እግሩን ያነሣ ነው፤ በ1892 እና በ1895 ብሮች ላይ ግን የቀኙን። በእጄ ያለው አንበሳ ያነሣው ቀኙን ነበር። እንግዲህ ብሩ ከ1892 ዓ.ም. አይቀድምም። የመጨረሻውን ምልክት ፪ ወይም ፭ ብዬ መቍረጥ አልቻልኩም፤ በማስታወሻዬም ቦታውን በቅንፍ ክፍት ተውኩት። የተበላ ፊደል በግምት ሞልቶ ማሳተም በብራና ላይ ነውር ከሆነ በብር ላይም ነውር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገንዘብ ላይ የተቀረጸ ዓመት ምንጊዜም የተሠራበት ዓመት አይደለም። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚለውን እንደ ያዘ ለብዙ ዘመን ተመትቷል። 1936 ዓ.ም. የሚለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲምም እንዲሁ ዓመቱ ሳይለወጥ ለዓመታት ተሠርቷል። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብማ ዓመት ስለማይጻፍበት ዘመኑ የሚፈለገው ከንጉሡ ስም፣ ከምልክቱና ከተገኘበት ቦታ ነው። የተጻፈ ዓመት የሚያረጋግጠው ዕቃው ከዚያ እንደማይቀድም ብቻ ነው።

ውጤቱን ለአክስቴ መንገር ከበደኝ። «ይህ ብር በአድዋ ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር፤ ቢያንስ በአራት ዓመት ይዘገያል» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አድዋ ይዘውት ሄዱ አልኩህ እንዴ? አድዋ ስለ ዋሉ ኋላ የተሰጣቸው ነው» አሉኝ።

ማስታወሻዬን ገልጬ አየሁ። በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት «የአድዋ ብር» የሚል ነው። «ከአድዋ የመጣ» አይልም። «የ» የቦታ፣ የጊዜ፣ የምክንያትም ዝምድና እንደሚያመለክት በየዓመቱ ለተማሪዎች አስተምራለሁ። ሆኖም የጓጓሁለትን አንዱን ትርጉም ይዤ ሌላውን ሳልጠይቅ አልፌ ነበር።

ብሩ የአክስቴን ቃል እውነትነት አያረጋግጥም፤ አያፈርሰውምም። ስለዚህ ለቤተ ዘመዱ ጽሑፍ ሁለቱን ለየብቻ አስፍሬ ሰጠሁ። ብሩ ከ1892 ዓ.ም. የማይቀድም መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ የአክስቴን ቃል ደግሞ እንደ ተናገሩት በሌላ። የብሩን ፊደል ያጠፋው የብዙ ዓመት መዳሰስ ነው። የአክስቴን ቃል ግን ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ።