ባዮሎድ፦ ሕይወታዊ ጫና

የባሕር ዓሣ በቤቱ ለማኖር ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ገንዳ ስንት ዓሣ ይችላል?» ብሎ ነው። የመስታወቱ ስፋት ብቻውን መልስ አይሰጥም። መልሱ ያለው የዓሣ ገንዳ አዋቂዎች ባዮሎድ በሚሉት ነገር ውስጥ ነው፤ ይኸውም በገንዳው የሚኖሩ ፍጥረታት ሲበሉ፣ ሲተነፍሱና ሲያስወግዱ በውኃው ላይ የሚያሳርፉት ጫና በጠቅላላው ነው። ከዓሣው ሌላ ቀንድ አውጣው፣ ሸርጣኑ፣ ኮራሉ፣ ሳይበላ የቀረው ምግብ፣ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም ጭምር በሒሳቡ ይገባሉ።

በአማርኛ «ሕይወታዊ ጫና» ቢባል ይስማማዋል። «ጭነት» ተጭኖ የሚራገፍ ዕቃን ያስታውሳል። «ጫና» ግን «የሥራ ጫና» እንደሚባለው በየዕለቱ የሚታደስና ተሸካሚውን የሚያደክም ነገር ነው።

ጫናው የሚጀምረው ከምግቡ ነው። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 540 ሊትር ይይዛል፤ ድንጋዩና አሸዋው የሚወስዱት ቦታ ሲቀነስ 450 ሊትር ውኃ ይቀራል እንበል። በዚህ ገንዳ 10 ግራም ደረቅ ምግብ ቢጣልና 45 በመቶው ፕሮቲን ቢሆን፣ ከፕሮቲን 16 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ስለሆነ 0.72 ግራም ናይትሮጅን ገባ ማለት ነው። ዓሣው ከፊሉን ለሰውነቱ ያስቀረዋል፤ ከቀረው አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣዋል። በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያ ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ጉዳቱ የሚታየው ሲጠራቀም ነው። በአዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በፊት የገባ ዓሣ በገዛ አሞኒያው ይመረዛል።

ባክቴሪያዎቹም ይተነፍሳሉ። 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት እስኪለወጥ 4.57 ግራም ኦክስጅን ይጠይቃል። ያ 0.72 ግራም ናይትሮጅን ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ 3.3 ግራም ኦክስጅን ይፈጃል ማለት ነው።

በካፋ ዞን፣ በቢታ ገነትም ሆነ በቦንጋ፣ እንዲህ ያለ ገንዳ ለመትከል የሚነሳ ሰው ሊያተኩር የሚገባው በዚህ የኦክስጅን ፍላጎት ላይ ነው። ባሕሩ በመንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መራቁ ችግር ቢሆንም መላ አለው፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው በ1 ሊትር 35 ግራም ገደማ ሆኖ ይበጠበጣል። አየሩን ግን ገዝቶ ማምጣት አይቻልም። በምፅዋ ወይም በጅቡቲ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ የባሕር ውኃ ከአየር ጋር ሲመጣጠን በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ቦንጋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 81 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ያው ውኃ ቦንጋ ላይ የሚይዘው 5.4 ሚሊ ግራም አካባቢ ይሆናል። የ450 ሊትሩ ገንዳ ኦክስጅን ቢደመር 2.5 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ናይትሮጅኑ ሁሉ ቢለወጥ 10 ግራም ምግብ ከሚጠይቀው 3.3 ግራም ያነሰ ነው፤ የዓሦቹ ትንፋሽ ገና አልተቆጠረም።

ገንዳው የሚኖረው የውኃው ገጽ ያለማቋረጥ እየተናወጠ አዲስ አየር ስለሚያስገባ ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ ልክ የተጻፈ መመሪያ «20 ዓሣ ይበቃዋል» ካለ፣ በደጋ ወይም በወይና ደጋ የሚኖር ሰው ቁጥሩን ቀንሶ መጀመር አለበት።

ቁጥርም ቢሆን ያሳስታል። ቅርፃቸው አንድ ከሆነ የ20 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ከ10 ሳንቲ ሜትሩ በክብደት 8 እጥፍ ያህል ይበልጣል። የሚበላው በዚያው ልክ ባይበዛም ከሁለት እጥፍ እጅግ ይልቃል። ከሱቅ ሲገዛ አውራ ጣት የሚያህለው የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ስለሚያድግ፣ ጫናው መገመት ያለበት በዛሬው ርዝመቱ ሳይሆን በጎልማሳነቱ ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሒሳቡ በሰዓታት ውስጥ ይፈተናል። ፓምፑ ቆሞ ውኃው ሲረጋ ዓሣውና ባክቴሪያው በውስጡ ያለችውን ኦክስጅን ይሻማሉ። እንግሊዛዊቷ አና ታይን እ.ኤ.አ. በ1846 ኮራሎችን ከባሕር አምጥታ ለንደን ቤቷ ስታኖር፣ ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት ፊት ውኃውን ከዕቃ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባለት ነበር። ዛሬ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ ይህን ሥራ ያቃልላል፤ እሱ ከሌለም ውኃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ያገለግላል። ጫናው ባነሰ መጠን ዓሦቹ መብራቱ እስኪመጣ የሚታገሡት ጊዜ ይረዝማል።

ጫናን የማቅለያ መንገዶች የታወቁ ናቸው። ዓሣ በአንዴ አይገባም፤ አንድ ሁለት እየተጨመረ አሞኒያው ዜሮ መሆኑ በየመሐሉ ይለካል። ምግቡ በእፍኝ ሳይሆን በሚዛን ይሰጣል። አረፋ ማንሻ የሚባለው መሣሪያ ቆሻሻው ሳይበሰብስ ከአረፋው ጋር ያወጣዋል። ከውኃው 20 በመቶው ሲቀየር ከተጠራቀመው ናይትሬት አንድ አምስተኛው አብሮ ይሄዳል። በትነት የጎደለው ግን በጨው አልባ ውኃ ብቻ ይሞላል፤ ውኃው ሲተን ጨው አይተንምና።

ቃሉ ከመስታወት ገንዳ ውጭም ይሠራል። ቆረሶ ዓሣ በኩሬ የሚያረባ ገበሬ «የኩሬዬ ሕይወታዊ ጫና በዝቷል» ቢል፣ ዓሣውና መኖው ኩሬው ከሚችለው በላይ ሆነዋል ማለቱ ነው። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት የኦርጋኒክ ቁስ ጫና ነው። በመኸር ወቅት ከእሸት ቡና መፈልፈያ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ስኳር የበዛበት ፍሳሽ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ተሕዋስያን ሲያበሰብሱት የወንዙን ኦክስጅን ያሟጥጡታል። ሁለቱም ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ልዩነታቸው ከምንጩ ነው። የመጀመሪያው ከውኃው ነዋሪዎች ከራሳቸው ይመነጫል፣ ሁለተኛው ከውጭ ይገባል። ስለዚህ ለኩሬው የሚበጀው ዓሣና መኖ መቀነስ ሲሆን፣ ለወንዙ የሚበጀው ፍሳሹን ሳይደርስበት ማጣራት ነው።