ከጭሱ ውሃው

ገበያችን ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ይታጠናል፣ ይወቀሳል፣ ይዛወራል። ምን አለፋችሁ፣ ከመታጠብ በቀር ያልሆነው የለም።

ከ1911 ዓ.ም. እንጀምር። ዓለምን ያዳረሰው ጉንፋን ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገባና ሰዉን ቤት ለቤት ፈጀው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን እንኳ ታመው ነው የተረፉት። «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ልማዱ ዛሬም አለ፤ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩም ገበያውም ጉድፉን ጠርጎ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። እርግጥ በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ እንጂ ከጉድፍ የሚነሳ አልነበረም። ቢሆንም ልማዱን አልንቀውም፤ ሐዘንተኛ ሕዝብ መጥረጊያ ያነሳበት ቀን ነውና። የሚቆጨኝ መጥረጊያው በዓመት አንዴ መነሳቱ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከተማዋን አስጨነቃት፤ በአጭሩ «አተት» ተባለ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ ቃል ይገልጣል፣ ይሸፍናልም እል ነበር። አተትን ያኔ ባገኘው ጥሩ ምሳሌ በሆነኝ! «ኮሌራ» ሲሉት ሰው ይደነግጣል፤ «አተት» ሲሉት ግን የሆነ መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል ይመስላል። ስሙ ቢለዝብም ጣት መቀሰሩ አልቀረም። በየታክሲው የምሰማው «እነዚህ መንገድ ላይ የሚሸጡት ጨረሱን» የሚል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ፣ ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ግፊያው እንዲቀንስ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተወሰደ። ክረምቱ ሲገባ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ጭቃ ላይ ዋለ። ለጤና ተብሎ የተዛወረ ገበያ፣ በጭቃ! ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ።

በአንድ ጉሊት ሰላጣ የምትሸጥ ሴት በደፈረሰ ውሃ ስትነክር አይቼ «እህቴ፣ ውሃውን ለምን አትቀይሪውም?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ውሃውን በጄሪካን ገዝቼ ነው የማመጣው። ሰላጣውን ልጠብበት፣ እጄን ልታጠብበት፣ ወይስ ለልጄ ላጠጣው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከንጋት እስከ ምሽት እዚያች ድንጋይ ላይ የምትውል ሴት የት እንደምትጸዳዳ ደግሞ ለመጠየቅም አፈርኩ።

ሻጭ ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። በቅቤ ሙዝ፣ በበርበሬ ሸክላ የሚቀላቅል አለ፤ ያ ወንጀል ነው፣ በሕግ ይጠየቅ። የሴትየዋ ችግር ግን ሌላ ነው። የኮሌራ ተሐዋሲ ከዓይነ ምድር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አፍ ይሄዳል። መንገዱን የሚዘጉበት ዕቃዎች ድሮም የታወቁ ናቸው፦ ቧንቧ፣ ሳሙና፣ መጸዳጃ ቤት። ሦስቱም በስብከትና በቅጣት አይገኙም፤ በበጀት እንጂ።

ቀረጥ የሚሰበሰብበት ገበያ ቧንቧ ቢገባለት ምን ይበዛበታል? አለዚያ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣም ያው ጭስ ማጨስ፣ አዲስ ስም ማውጣትና ጉሊቷን ማባረር ነው። ጉሊቷ ብትባረር ደግሞ ሰላጣው የትም አይሄድ፤ ማታ ከእኛው ገበታ ላይ ይቀርባል።