ያልጮኸው ጯሂ

የኖርዌዩን ሠዓሊ የኤድቫርድ ሙንክን «ጩኸት» በመጽሐፍ ገጽ ላይ ካየሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሰማዩ ደም መስሏል፤ ድልድዩ ላይ የቆመው ጸጉር አልባ ፍጡር እጆቹን በጉንጮቹ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቷል። ሠዓሊው ይህን ፊት ከየት አመጣው?

ነገሩ ከኖርዌይ እጅግ ርቆ ወደ ፔሩ ተራሮች ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1877 በኡትኩባምባ ወንዝ አካባቢ አንድ ሙሚ፣ ማለትም ሳይበሰብስ ደርቆ የቆየ አስከሬን፣ ተገኘ። የጥንት ቻቻፖያዎች ወገን ነው። ወደ ፓሪስ ተወስዶም በትሮካዴሮ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፏል፤ በገመድ ታስሯል፤ እጆቹ ጉንጮቹ ላይ ናቸው፤ አፉም ተከፍቷል።

ፈረንሳዊው ፖል ጎጋን ልጅነቱን በሊማ ያሳለፈ ሰው ነውና ይህ የፔሩ ሙት ልቡን ሳይነካው አልቀረም። በ1897 በጀመረው፣ «ከየት መጣን? ምንድን ነን? ወዴትስ እንሄዳለን?» በተሰኘው ታላቅ ሥዕሉ ግራ ጠርዝ ላይ አንዲት አሮጊት ኩርምት ብላ ሞቷን ትጠብቃለች። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች አቀማመጧን ከሙሚው ጋር ያዛምዱታል። ሙንክም ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ ይመላለስ ነበር። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሮበርት ሮዘንብለም በ1978 የ«ጩኸት»ን ፊት ከዚሁ ሙሚ ጋር አያያዘው። ሙንክ በበኩሉ የጻፈው ሌላ ነው፤ አንድ ምሽት ሰማዩ ሲቀላ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያልፍ ታላቅ ጩኸት እንደተሰማው ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ ጩኸቱ የራሱ፣ ፊቱ ግን የሌላ ሊሆን ይችላልና።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሙሚው አልጮኸም። ሰው ሲሞት የመንጋጋው ጡንቻ ይላላል፤ አፍም ይከፈታል። እጅና እግሩን ያጠፉት ደግሞ ቀባሪዎቹ ናቸው። ቻቻፖያዎች ሙታናቸውን እንዲህ አጥፈው፣ በጨርቅ ገንዘው፣ በገደል ላይ መቃብር ያሳርፉ ነበር። ወገኖቹ በክብር የሸኙትን ሰው እኛ በመስታወት ውስጥ አስቀምጠን የራሳችንን ጭንቀት አነበብንበት።

በ2012 ከ«ጩኸት» ቅጂዎች አንዱ ኒው ዮርክ ላይ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሮዘንብለም ልክ ከሆነ ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለአንድ ሟች ፊት አምሳያ ነው። የባለፊቱን ስም ግን የጠየቀ አልነበረም።